ሳይፈርሙ ማሰብ፦ ከጊዜው ቀድሞ ጡረታ ስለ መውጣት
(በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ አባል ያደረጉት ንግግር)



የማኅበራችን ኮሚቴ «ስለ ጡረታ አንድ ነገር በልልን» ብሎ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ስለ ጡረታ ለመናገር የራሴን ስሕተት መናገር ሊኖርብኝ ነው። ይሁን እንጂ በቅርቡ ከመንደራችን ሁለት ሰዎች «እኛም ቀደም ብለን እንውጣ እንዴ?» ብለው ስላማከሩኝ ዝም ማለቱ አይጠቅምም ብዬ ተነሣሁ።

እንደምታውቁኝ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል 26 ዓመት ሠርቻለሁ። በ2012 ዓ.ም. 55 ዓመት ሲሞላኝ በገዛ ፈቃዴ ማመልከቻ አስገብቼ ወጣሁ። ማንም አላስወጣኝም፤ አልታመምኩም። ሰልችቶኝ ነበር። መርካቶ አፍንጫችን ሥር እያለ በደመወዝ መኖር ሞኝነት መስሎኝ ነበር።

በቅድሚያ የሒሳቡን ነገር ልናገር። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 መሠረት መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት ሆኖ፣ 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 5 ዓመት ሲቀረው በራሱ ጥያቄ መውጣት ይችል ነበር። እኔ የወጣሁት በዚሁ ነው። አበሉ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

እንግዲህ አስሉት። የእኔ 26 ዓመት 50 በመቶ ሆነ፤ ማለትም የደመወዜ ግማሽ። እስከ 60 ቆይቼ 31 ዓመት ባገለግል 56.25 በመቶ በሆነልኝ። «ልዩነቱ ስድስት በመቶ ብቻ ነው፤ ምን አላት?» ብዬ ነበር። ያላሰብኩት ሌላውን ነው። በእነዚያ 5 ዓመታት ሙሉ ደመወዝ እቀበል ነበር፤ ጭማሪ ሲመጣም ይደርሰኝ ነበር። አበሉ የሚወሰደው ከ3 ዓመት አማካይ ስለሆነ፣ ደመወዝ በተጨመረ ማግስት የሚወጣ ሰው የጭማሪውን ፍሬ ሳይበላ ነው የሚሄደው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

በ2014 ዓ.ም. ለመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1267፣ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1268 ወጥተዋል። ዛሬ የሚያስብ ሰው በእነዚህ መሠረት በራሱ ፋይል ያስላ። በተለይ በመርካቶ ድርጅቶች የምትሠሩ ልብ በሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር አቀፉ የጡረታ ዐቅድ የታቀፈው ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ስለዚህ «ከ1985 ጀምሮ ሠርቻለሁ» የሚል ሰው የሠራበትን ዘመን ብቻ አይቁጠር፤ ስንት ዓመት መዋጮ እንደገባለት ይጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር የብር አቅም ነው። አበል በወር የሚታወቅ ብር ነው፤ ጤፍና ዘይት ግን ባሉበት አይቆሙም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ምን እንደሆነ በየተራው የምትነግዱት ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። በ55 ዓመቱ የወጣ ሰው ይህን ሁሉ የሚቋቋመው በግማሽ ደመወዝ ነው።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። በወጣሁ በመጀመሪያው ሰኞ እንደ ልማዴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነቃሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ እስከ ታክሲ ተራው ሄድኩ። ወረፋ ይዤ ቆሜ ሳለሁ ነው የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ። ለሰው እንዳይታወቅብኝ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት «ጋሼ፣ አሞዎት ነው እንዴ?» ይለኝ ጀመር። ቤትም ስውል ባለቤቴ የምትጠርግበት ቦታ ሁሉ እኔ ተቀምጬበታለሁ። እሷ ምንም አላለችም፤ እኔ ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ለ26 ዓመት «ይፈርሙልኝ» እያለ የሚፈልገኝ ሰው ነበር፤ አሁን ግን የሚፈልገኝ ጠፋ።

ይህ ባዶነት ነው ወደ ጥፋት የነዳኝ። ለዓመታት የቆጠብኩትንና ከመሥሪያ ቤት ዕቁብ የደረሰኝን አንድ ላይ አድርጌ፣ ከአንድ ከማውቀው ሰው ጋር በሱቅ ሽርክና ገባሁ። ግማሹ ለቁልፍ ሄደ፤ ግማሹ ለዕቃ። ሰውየው አልከዳኝም፤ ሐሰት አልናገርም። ዕቃ መጠበቅና ዕቃ መሸጥ ልዩ ልዩ ሙያ መሆናቸውን ስላላወቅሁ ነው። ዱቤ እሰጣለሁ፤ መጠየቅ አፍራለሁ። በ18 ወር ውስጥ ገንዘቡ አለቀ።

ከገንዘቡ ይበልጥ የሚያሳፍረኝ ለባለቤቴ አለመናገሬ ነው። «ሱቁ ደኅና ነው» እያልኩ ጠዋት እየወጣሁ ማታ እገባ ነበር። ያወቀችው የዕድራችን ሰብሳቢ የ3 ወር መዋጮ እንዳልተከፈለ ሲነግራት ነው። ያን ማታ አልጮኸችም። «ገንዘቡ ይሂድ፤ ዕድራችንን ግን እንዴት ትነካብናለህ? ብንሞት ማን ይቀብረናል?» ብቻ አለችኝ። በማግስቱ ከቡና ጥቃቅን ወጪዋ ያጠራቀመችውን አውጥታ ከፈለች።

ወገኖቼ፣ ጡረታ ክፉ ነው አላልኩም። ጉልበቱ የደከመ፣ የታመመ፣ ወይም የታመመ የሚያስታምም ሰው ቀድሞ ቢወጣ መብቱ ነው። በሠፈራችን ደግሞ ምርጫ ያልተሰጣቸው ብዙ አሉ። ሸክም ተሸካሚው ወንድማችን ወገቡ ሲሰበር በ45 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ አዋጅም አበልም ሳይኖረው። እነሱን ሳስብ የያዝነውን እንዳንጥል እላለሁ።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦

አንደኛ፣ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት አበላችሁን በወረቀት አስሉ፤ በዚያው ብር ለ3 ወር ኑሩና ቀሪውን ደመወዝ አስቀምጡ። ካልተቻለ በሥራ ላይ እያላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ተማከሩ። ጡረታ የሚወጣው አንድ ሰው አይደለም፤ ቤቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ያላችሁን ሁሉ በአንድ ሱቅ አታስገቡ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ የደረሰውን እሳት ያየን ሰዎች ነን፤ የዕድሜ ልክ ነጋዴ እንኳ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

አራተኛ፣ ዕድር ከሁሉ ይቅደም።

አምስተኛ፣ ጠዋት የምትሄዱበት ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉ። እኔ ዛሬ የዕድራችንን ድንኳንና ወንበር እመዘግባለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ነገር ግን የሚፈልገኝ ሰው አለ፤ ሙያዬም ነው።

በመጨረሻም፣ ጡረታ ለመውጣት የምታስቡ ካላችሁ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ክፍል እገኛለሁ። የአገልግሎት ማስረጃችሁንና የደመወዝ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናስላለን። ባለቤቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።