የኮሌጅ ወጪና የቡና ወራት

(በመንደራ ቆጪ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው የተደረገ ንግግር)



የተማሪዎች አንድነት ማኅበር በመካከላችሁ ቆሜ እንድናገር ጋብዞኛል። የተሰጠኝ ርዕስ የኮሌጅን ትምህርት በብልኃት ስለ ማቀድና ወጪውንም ስለ መቻል የሚል ነው። ርዕሱን ሳነብ አስቀድሞ የታሰበኝ ነገር ቢኖር እኛ በየቤታችን ስለ ገንዘብ በግልጽ መነጋገርን የምናፍር መሆናችን ነው። አባት ያለውን አይናገርም፤ ልጅም የሚያስፈልገውን አይጠይቅም፤ በዚህ ዝምታ መካከል ቡናው በርካሽ ይሸጣል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ትምህርት ክብር ስብከት አላሰማችሁም፤ ይህን ባታውቁ ኖሮ የገበያ ቀናችሁን ትታችሁ እዚህ አትመጡም ነበር። የምናገረው ስለ ብርና ስለ ወራት ነው።

ብዙዎቻችሁ «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። ይህ ነገር በአንድ ዘመን እውነት ነበረ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የገቡት ጥቂት ተማሪዎች ምግባቸውም መኝታቸውም በመንግሥት ወጪ ነበረ፤ የኪስ ገንዘብ ሳይቀር ይሰጣቸው ነበር። አኗኗሩ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢለዋወጥም፣ የመንግሥት ተማሪ ዋጋ አይጠየቅም የሚለው ልማድ ከመንግሥት ወደ መንግሥት እየተሻገረ ብዙ ዘመን ቆየ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ግን ወጪ መጋራት የተባለውን ሥርዓት አመጣ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም ተማሪው ሲመዘገብ ውል ይፈርማል።

የውሉ ቁም ነገር አጭር ነው። ተማሪው የበላበትንና የተኛበትን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ 15 ከመቶውን ይጋራል። በመግቢያው ዕለት እንዲከፍል አይገደድም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ደመወዙ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያላነሰ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ አስቀድሞ ለሚከፍልም ቅናሽ አለው። በመምህርነት ለሠለጠነ ሰው ዕዳው በአገልግሎት ሊተካ ይችላል። ዕዳውን ያልጨረሰ ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል እንጂ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም።

ታላላቅ ወንድሞቻችሁ ምናልባት «ወጪ መጋራት ማለት ትንሽ ነገር ነው፤ አታስቡበት» ብለዋችሁ ይሆናል። እነርሱ በጊዜያቸው ልክ ነበሩ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው ገንዘብ 22 ብር በነበረ ጊዜ፣ ዓመቱን 300 የምግብ ቀን ብናደርገው የዓመቱ ዕዳ 6,600 ብር ብቻ ነበረ። በ2017 ዓ.ም. ግን የቀኑ በጀት 100 ብር ሆነ። እስቲ ደብተር ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። በ300 ቀን 30,000 ብር፤ በአራት ዓመት 120,000 ብር። የመኝታውንና የትምህርቱን ድርሻ ገና አልጨመርንም። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ 11,500 ብር ተደርጓል፤ ከዚህ አሥረኛው እጅ 1,150 ብር ነው። 120,000ን ለ1,150 ብታካፍሉት ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይሆናል። ደመወዙ ሲያድግ ጊዜው ያጥራል፤ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ይረዝማል። ይህን የምናገረው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ዲግሪ ለሚያገኝ ሰው ይህ ዕዳ የሚቻል ዕዳ ነው። ነገር ግን ዕዳ መሆኑን አውቆ መፈረምና ስጦታ መስሎት መፈረም ልዩ ልዩ ነገር ነው።

እኔ ራሴ ሳላነብ ከፈረሙት አንዱ ነኝ። በ2001 ዓ.ም. ተመርቄ ሥራ ስይዝ በየወሩ ከደመወዜ ሲቆረጥ አይ ነበር፤ ስለዚህ እየከፈልሁ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ከዓመታት በኋላ ለተጨማሪ ትምህርት ዋናው ዲግሪ ሲፈለግብኝ ብሄድ የተቆረጠው ገንዘብ በስሜ ገቢ አልሆነም ተባለ። የቀጠረኝን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነውና፤ አንዲት የደመወዝ ወረቀት እንኳ አላስቀመጥሁም ነበር። ነገሩ እስኪጣራ አሥራ አንድ ወር ፈጀ፤ የትምህርቱም ዕድል አለፈ። እንግዲህ ልጆች፣ የውሉን ቅጂ ከመታወቂያችሁ ጋር አኑሩት፤ ስትቀጠሩም ተቆረጠ የተባለው ብር በስማችሁ መግባቱን በየዓመቱ ሄዳችሁ ጠይቁ።

ከዕዳው ለመቀነስ አንድ መንገድ አለ፤ በተለይ ለዚህ ሰፈር ልጆች ቅርብ ነው። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ነው። እዚሁ የተመደበ የመንደራ ቆጪ ልጅ ከእናቱ ቤት እየበላና እያደረ ቢመላለስ፣ በግቢው እንደማይመገብና እንደማያድር ካስመዘገበ፣ ትልቁ ዕዳ ይቀርለታል። ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ምክር ለወንድ ልጅ በቀላሉ እሰጣለሁ፤ ለሴት ልጅ ስሰጥ ግን አመነታለሁ። ቤት የዋለች ልጅ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ታፈላለች፤ ደብተሯን የምትገልጠው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እናቶች፣ የቤቱን ሥራ ከላይዋ የማታነሡላት ከሆነ ግቢ ትግባና ዕዳው ይቆጠርባት። ከመቶ ሃያ ሺህ ብር ይልቅ አንድ ዓመት መውደቅ ይከብዳል።

ደግሞም ዩኒቨርሲቲው ደጃችን መሆኑ ልጃችን እዚያ ይገባል ማለት አይደለም። ምደባው ከላይ ነው። የግቢውን አጥር እያየ ያደገ ልጅ ጅግጅጋ ወይም ደብረ ታቦር ሊደርሰው ይችላል፤ ከዚህ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ መንገድ አለ። ይህ መንገድ ወደ ሁለተኛው ገንዘብ ያደርሰናል። የመጀመሪያው ገንዘብ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ዛሬውኑ በእጅ መገኘት አለበት። የመኪና ዋጋ፣ ብርድ ልብስና አንሶላ፣ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ ለሴቶች በየወሩ የሚያስፈልግ የንጽሕና ዕቃ፣ አንዳንዱ የትምህርት ክፍል ደግሞ ኮምፒዩተር ያስገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ምን ያህል እንደ ወጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። ገበሬውን ቤት የሚያናጋው ከመቶ ሃያ ሺሁ ይልቅ ይህ ትንሹ ገንዘብ ነው፤ ምክንያቱም ጊዜውን አይጠብቅም።

የጅማ ዙሪያ ቡና ከጎማ እስከ ጌራ፣ ከማና እስከ ሊሙ ከጥቅምት ጀምሮ ይቀላል፤ ለቀማው እስከ ታኅሣሥ፣ በደጋው እስከ ጥር ይዘልቃል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ጎተራውም ኪሱም ባዶ ነው። የልጁ ዝግጅት የሚጀመረው ልክ በዚህ ጊዜ ነው፤ ጥሪውም አንዳንድ ዓመት ከቡናው መቅላት ይቀድማል። በዚህ መካከል ነጋዴው ይመጣል። «አባ፣ ልጅዎን እንኳን ደስ አለዎ፤ ያን ማሳ ለእኔ ይተዉልኝና ብሩን አሁን ልስጥዎ» ይላል። በጎማ የማውቃቸው አንድ አባት በነሐሴ ቡናቸውን ገና አረንጓዴ ፍሬ ሳለ እንዲህ ሸጡ። በኅዳር ነጋዴው ከዚያው ማሳ የለቀመውን የሰጣቸውን እጥፍ ሸጠው። ልጁ በመጀመሪያው ዓመት አልተቸገረም። በሁለተኛው ዓመት ግን ቤቱ የሚሸጠው አልነበረውም፤ ታናሽ እኅቱም ከዘጠነኛ ክፍል ቀረች። የወንድሟን የመኪና ዋጋ እርሷ ከፈለችው ማለት ነው፤ ማንም ግን አልጠየቃትም።

ቡናን የምታውቁ እናንተ ናችሁ፤ ስለዚህ የምታውቁትን ወደ ትምህርቱ ሒሳብ አምጡት። ዛፉ አንድ ዓመት ሲያዘነብል በሚከተለው ዓመት ያርፋል። አራት ዓመት ኮሌጅ ማለት በቡና ቋንቋ ሁለት ሙሉ ዓመትና ሁለት ጎዶሎ ዓመት ነው። የዋጋውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ1994 ዓ.ም. በኒውዮርክ ገበያ የአንድ ፓውንድ ቡና ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከአራት ዶላር በላይ ወጣ። በሙሉው ዓመት ዋጋ አራቱን ዓመት ያሰበ ሰው በጎዶሎው ዓመት በሬውን ይሸጣል።

ምን ይሻላል? እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መሸጥ አለበት፤ ጀንፈል ግን በደንብ ደርቆ እርጥበት በሌለበት ከተቀመጠ ይቆያል። ልጃችሁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ፣ በዚያ ዓመት ለቀማ፣ ሁለት ጆንያ ጀንፈል «ይህ የትምህርት ነው» ብላችሁ ለዩ። ዋጋ ሊወርድ ይችላል፣ አይጥም አለ፤ ነገር ግን በነሐሴ ነጋዴው ሲመጣ «የለም» ለማለት ያስችላችኋል። ከተማ ላላችሁት ደግሞ እቁብ አለ። ዕጣው መቼ ይውጣ የሚለውን ነገር አናስብበትም፤ በግንቦት የወጣ ዕጣ በመስከረም አይገኝም፤ ለሠርግ ወይም ለቆርቆሮ ይሄዳል። ለዳኛውና ለጸሐፊው አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ልጅ ወደ ኮሌጅ ለሚልክ ሰው የመስከረምን ዕጣ መልቀቅ የሚጠላ እቁብተኛ አላየሁም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ሊሰማ የማይወደውን እናገራለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ተማሪዎች አብዛኞቻችሁ በመጀመሪያው ፈተና ላታልፉ ትችላላችሁ። በአገሪቱ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያላለፈ ልጅ ቤት ሐዘን ይገባል፤ አባትም ከሐዘኑ የተነሣ ማስታወቂያ ወዳየበት የግል ኮሌጅ ልጁን ይዞ ይሮጣል። ከግል ኮሌጆች መካከል ጥሩ የሚያስተምሩ አሉ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የዲግሪ ተማሪዎች ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 ከመቶ ያህል ናቸው። ፈተናውን ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም፤ የተከፈለው ብር ግን አይመለስም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያገኘው ዕውቅና ለዚህ ትምህርትና ለዚህ ቅርንጫፍ ነው ወይ? አዲስ አበባ ላለው ቅርንጫፍ የተሰጠ ዕውቅና ለጅማው አይሆንም። ሁለተኛ፣ በመውጫ ፈተናው ባለፈው ዓመት ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ? መልሱን በግልጽ የማይሰጣችሁ ከሆነ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ልጁ አንድ ዓመት አጥንቶ እንደገና ቢፈተን፣ ወይም የእጅ ሙያ ቢማር፣ ለቤቱም ለእርሱም የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ይህን መናገር በእኛ አገር እንደ ስድብ መቆጠሩ ያሳዝነኛል።

ተማሪዎች፣ ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ላይ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ በወር በወር ጻፉ፤ በጎኑም ቤቱ በዚያ ወር የሚያገኘውን ጻፉ። አባታችሁን «ስንት አለህ?» ማለት ቢከብዳችሁ ወረቀቱን አጠገባቸው አኑሩት፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆቻችሁ አንብቡላቸው። የእኅታችሁንም የትምህርት ወጪ በዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

የወጪ መጋራቱን የውል ወረቀት ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ፤ እዚያ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከማኅበሩ ልጆች ሁለቱ በአማርኛም በኦሮምኛም ያነቡላችኋል። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት እናት እንጀምር።