ብሮንዚን ከመግዛት በፊት መለካት
በጉለሌ፣ ጳውሎስ፣ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር



ዛሬ ከተሰበሰብንበት ከጳውሎስ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ ጭነት መኪና በእንጦጦ ዳገት ወጥቶ በሱሉልታ ያልፋል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን መልሶ ይወጣል። ሲሚንቶ ወይም የእርዳታ እህል ተጭኖ ይህ ሁሉ ዳገት ሲወጣ፣ የሞተሩ ጉልበት የሚያርፈው ክራንክሻፍቱን አቅፈው በያዙ ስስ የግማሽ ክብ ብረቶች ላይ ነው። መካኒኮቻችን ብሮንዚን ይሏቸዋል፤ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ካምቢዮ ሁሉ ቃሉ ከጣልያንኛ የወረስነው ነው።

ኮሚሽናችን ከተቋቋመበት ከ1964 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይልቁንም በ1977ቱ ድርቅ፣ እህል በመጋዘን መኖሩ ብቻውን የተራበን እንደማያጠግብ ታይቷል፤ የሚያደርስ መኪና ያስፈልጋል። ስለዚህ የመኪና ጥገና ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። «ብሮንዚን በልቷል» ተብሎ የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣ፣ ከምእመናን ምጽዋት ወጪ እንዲሆን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ።

ብሮንዚንና ክራንክሻፍት በደንብ በሚሠራ ሞተር ውስጥ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ስስ የዘይት ንጣፍ አለ። የክራንክሻፍቱ አንገት ውፍረት ሰማንያ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ክፍተቱ ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህም የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ግፊት ይወርዳል፤ ዳገት ላይም ከታች ወፍራም የመምታት ድምፅ ይሰማል። ክፍተቱ ሲጠብ ደግሞ ዘይት መግቢያ ያጣል፤ ብረት ብረትን ያግላል፤ ሞተሩም ይነክሳል። በዓይንና በጣት የሚገመት ልክ አይደለም።

ስለዚህ መካኒኩ ክዳኖቹን ሲፈታ ቁጥራቸውንና አቅጣጫቸውን ምልክት ያድርግ፤ የአንዱ ክዳን በሌላው ቦታ አይገባምና። ቀጥሎ እያንዳንዱን አንገት በማይክሮሜትር ይለካ፤ በሁለቱም ጫፍ፣ በየጫፉም በሁለት አቅጣጫ። በአንድ ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ልኮች ካልተስማሙ አንገቱ ሞላላ ሆኗል፤ የሁለቱ ጫፎች ልክ ከተለያየ ሾጧል። ልዩነቱ የአምራቹ መመሪያ ከሚፈቅደው ካለፈ፣ አዲስ ስታንዳርድ ብሮንዚን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። አንገቶቹ በማሽን መላግ አለባቸው።

መላጉ በደረጃ ነው፤ በብዙ ሞተሮች 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር። አንገቱ በ0.25 ሲቀጥን እያንዳንዱ ግማሽ ብሮንዚን በ0.125 ይወፍራል፤ የደረጃው ቁጥር በብሮንዚኑ ጀርባ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። የሚፈለገው ደረጃ ገበያ ላይ መኖሩን በሱማሌ ተራ ሳይጠይቁ ክራንክሻፍት ማስላግ አይገባም፤ ተልጎ ብሮንዚን ከታጣለት መኪናው እንደ ቆመ ይቀራል። የአንገቱ ጥግ ክብነት በመላግ ጊዜ እንዲጠበቅም ቶርኖ ቤቱን አሳስቡ፤ ጥጉ ከሾለ ክራንክሻፍቱ ከዚያ ይሰነጠቃል። ላዩ ብቻ የጠነከረ ክራንክሻፍት ደግሞ ከተላገ በኋላ እንደገና ማጠንከር ሊያስፈልገው ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንቃወማለን። የላላውን ለማጥበቅ ክዳን መሞረድ፣ ወይም ከብሮንዚን ጀርባ ወረቀትና ስስ ቆርቆሮ መደረብ አለ። የተሞረደ ክዳን የብሎኩን ክብ ያበላሻል፤ የተደረበውም ብሮንዚኑ ሙቀቱን ወደ ብሎኩ እንዳያስተላልፍ ይከለክለዋል። ርካሽ ይመስላል፤ መጨረሻው ብሎክ መግዛት ነው። የብሮንዚን ጀርባ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይግባ፤ ዘይት የሚቀባው በውስጥ ፊቱ ነው። የዘይት ቀዳዳውም ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር ይግጠም።

ክፍተቱን ለማረጋገጥ ፕላስቲጌጅ የሚባል ቀጭን የፕላስቲክ ክር አለ። በደረቀ አንገት ላይ በቁመቱ ይጋደማል፤ ክዳኑ በቶርክ መፍቻ በመመሪያው ልክ ይጠብቃል፤ ክራንክሻፍቱ ሳይዞር እንደገና ይፈታል። የተደፈጠጠው ክር ስፋት ከመለኪያ ወረቀቱ ጋር ሲነጻጸር ክፍተቱን ይናገራል። ክሩ ተጠርጎ፣ ዘይት ተቀብቶ የመጨረሻው ማጥበቅ ሲደረግ ከመካከለኛው ክዳን ወደ ዳር ይኬዳል። ከእያንዳንዱ ክዳን በኋላ ክራንክሻፍቱ በእጅ ይዙር፤ ከያዘ፣ ጉልበት ከመጨመር ይልቅ ያ ክዳን ተፈትቶ ይታይ።

የተበላበት ምክንያት ካልታወቀ ግን አዲሱም ይበላል። ፊልትሮው ተዘግቶ ነበርን? ናፍጣ ወይም ውኃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ነበርን? ሾፌሩ የዓባይን ዳገት ሞተሩን እያስጨነቀ ይወጣል? የዘይት መተላለፊያዎቹ ታጥበው የብረት ብናኝ ካልወጣላቸው፣ ብናኙ አዲሱን ብሮንዚን በመጀመሪያው ቀን ይቧጭረዋል።

እንግዲህ ከክፍያ በፊት የየአንገቱ ልክ፣ የብሮንዚኑ ደረጃ፣ የተገኘው ክፍተትና የማጥበቂያው ልክ የተጻፈበት አንድ ወረቀት ጠይቁ፤ ከቃለ ጉባኤው ጋርም አያይዙት። እዚሁ ጎረቤታችን በሆነው በዊንጌት የሙያ ትምህርት የተማሩ ልጆች በአጥቢያችሁ ካሉ ወረቀቱን አብረዋችሁ ያንብቡ።

ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ናፍጣው ተዘግቶ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ ይዙር፤ የመጀመሪያው ዘይትም ከተለመደው ጊዜ ቀድሞ ይቀየር። አሮጌዎቹ ብሮንዚኖች አይጣሉ፤ በየቁጥራቸው በጨርቅ ተጠቅልለው ለኮሚቴው ይቅረቡ። ሁሉም ተቧጭረው ከሆነ ቆሻሻ ገብቷል፤ የመካከለኞቹ ብቻ አለቅጥ ተበልተው ከሆነ ደግሞ ክራንክሻፍቱ ጎብጦ እንደ ሆነ ይመርመር።