ብሎኩ ወይስ ወናፉ?
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት ከየአባሉ በተዋጣ ገንዘብ የተገዛው ሞተር ምን ደረሰ እያላችሁ ስትጠይቁን ቆይታችኋል። መልሱን ማዘግየታችን አግባብ አልነበረም። ሞተሩ ተሰንጥቋል። ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው እንዴት እንደ ተሰነጠቀ ለመናገርና በቀረው ገንዘብ ምን ለመግዛት እንዳሰብን ገልጠን ፈቃዳችሁን ለመጠየቅ ነው።

ከቴክኖሎጂ ትምህርት ውጭ ላላችሁ ጥቂት እንበል። ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ቤንዚን ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ሲቃጠል ነው። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ ጭንቁ አየሩ ነው። ሱፐርቻርጀር የሚባለው መሣሪያ በሞተሩ በራሱ ጉልበት በቺንጋ እየዞረ አየሩን አፍኖ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገፋል። ሥራው አንጥረኛ ከሰሉን በወናፍ እንደሚያነድደው ስለ ሆነ እኛም በወርክሾፓችን ወናፍ ብለነዋል። ስሙ ያለ ቦታው አልገባም። በአሜሪካ አገር በኢንዲያና የሚኖሩ ሩትስ የተባሉ ወንድማማቾች በ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) ፓተንት ያወጡበት ነፊ፥ ለመኪና ከመዋሉ አስቀድሞ ለብረት ማቅለጫ ምድጃ አየር ሲነፋ የኖረ ነው። ብሎክ የምንለው ደግሞ ሲሊንደሮቹ የተቦረቦሩበትና ክራንክ ሻፍቱ ከሥሩ የሚታሰርበት ግዙፉ አካል ነው።

እንግዲህ ጥፋታችን ከቅደም ተከተሉ ይጀምራል። እኛ አስቀድመን የገዛነው ወናፉን ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ስለ ሆነ ዐይናችን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ በቀረችን ጥቂት ገንዘብ ባለ ስድስት ሲሊንደር አሮጌ ሞተር ገዛን። ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያው ቀን ድምፁ አኰራን፤ በሁለተኛው ቀን ማንኳኳት ጀመረ፤ በሦስተኛው ቀን ዘይቱ እንደ ቡና በወተት ሆኖ ወጣ። ቴስታታውን ስናነሣ ከአራተኛው ሲሊንደር ወደ ውሃው መተላለፊያ የሚዘልቅ ስንጥቅ አገኘን። በዚያን ጊዜ ሁላችንም ጥፋቱን በቤንዚኑ ላይ ጣልን። ሊያዩ የመጡ አንድ መምህራችን ግን ጥቂት ዝም ብለው፥ «የሲሊንደሩ ግድግዳ ውፍረት ስንት ነበር?» ሲሉ ጠየቁን። ከመካከላችን የለካ አልነበረም። በኋላ በድምፅ ሞገድ ውፍረት የሚለካ መሣሪያ ተውሰን ስንለካ ያው ግድግዳ በአንዱ ወገን 5 ሚሊ ሜትር፥ በሌላው ወገን 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ብረቱ በፋብሪካ ሲፈስ ቅርጹ ጥቂት ሸሽቶ ኖሯል፤ ከዚያም ላይ ከእኛ በፊት የነበረ ባለቤት ሲሊንደሩን በቶርኖ ቤት አስፍቶታል።

ይህ ለምን ከባድ ነገር እንደ ሆነ በሒሳብ እንይ። የፒስቶኑ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ቢሆንና የቃጠሎው ግፊት 100 ባር ቢደርስ፥ በፒስቶኑ ራስ ላይ የሚያርፈው ኀይል 8 ቶን ያህል ነው። ይኸው 8 ቶን ቴስታታውን ወደ ላይ ሊነቅል፥ ክራንክ ሻፍቱን ወደ ታች ሊገነጥል፥ ግድግዳውንም ወደ ጐን ሊነፋ ይሞክራል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ብሎኩ ነው። ወናፉ የሚያደርገው ሸክሙን መጨመር ብቻ ነው።

ከእኛ የሚበልጡም በዚሁ ጉዳይ ተከራክረዋል። በእንግሊዝ አገር የቤንትሊ መኪና መሥራች የነበሩት ደብልዩ ኦ ቤንትሊ ጉልበት ከተፈለገ ሞተሩን ማተለቅ ይሻላል ባይ ነበሩ። ሹፌራቸው ቲም በርኪን ግን 4.4 ሊትር በሆነው ሞተር ላይ ሩትስ መሰል ወናፍ አስገጠመ፤ የእሽቅድምድሙም መኪና ጉልበት ወደ 240 ፈረስ ወጣ። ወናፍ የሌለው 6.6 ሊትሩ ስፒድ ሲክስ 200 ያህል ብቻ ነበረው። በ1930 በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ወናፍ ካላቸው ቤንትሊዎች አንዱም እስከ መጨረሻ አልደረሰም፤ ያሸነፈው ስፒድ ሲክስ ነው። በርኪን ጀግና ሹፌር መሆኑን አንክድም፤ እኛም ብንሆን በወረቀቱ ላይ 240ውን እንመርጥ ነበር።

የብሎኩ ብረት ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም። በ2009 የወጣው የሸቭሮሌ ኮርቬት ዜድ አር 1 የ6.2 ሊትር ብሎክ አሉሚኒየም ሆኖ በውስጡ የብረት ካሚቻ አለው፤ በሩትስ ዐይነት ወናፍ 638 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። በ2015 የወጣው የዶጅ ሄልካት ሞተርም 6.2 ሊትር ነው፤ ብሎኩ ግን ካስት አይረን፥ ማለት ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ እርሱም በስክሩ ዐይነት ወናፍ 707 ይሰጣል። እንግዲህ አሉሚኒየም አይችልም ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ኮርቬት ለክብደቱ የሚከፍለውን ዋጋ እኛ መክፈል አንችልም። የካስት አይረን ብሎክ በየቶርኖ ቤቱ ይታወቃል፤ ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ለስሕተትም ጥቂት ትዕግሥት አለው። ክብደቱን እንታገሠዋለን።

አሁን ብዙ ወደ ተከራከርንበት ነገር እንመጣለን፤ እርሱም አየራችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል፥ ማለት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ልንገዛ ያሰብነው የቶዮታ ላንድክሩዘር 1ኤፍ ዜድ የተባለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ 4.5 ሊትር፥ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መሥመር፥ የብረት ብሎክ፥ ክራንክ ሻፍቱም በሰባት ቦታ የታሰረ ነው። ፋብሪካው 212 የፈረስ ጉልበት ይለዋል። በአዲስ አበባ ግን 160 ያህል ብቻ ይቀራል። የምንፈልገው 300 ነው። ወናፉ ራሱን ለማዞር 40 ያህል እንደሚበላ ብንገምት ሞተሩ 340 ማውጣት አለበት፤ አየሩ ሲታፈን መሞቁንም ስንጨምር ወናፉ የአገሩን አየር ግፊት 2.3 ጊዜ ማብዛት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታ እንለምናለን። ብሎኩን የሚያስጨንቀው በሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ጠቅላላ ግፊት ነው፤ 0.76ን በ2.3 ብናበዛ 1.75 ባር ይሆናል፥ ይህም ለጤነኛ ብሎክ መጠነኛ ነው። ወናፉን የሚያስጨንቀው ግን 2.3 የተባለው ብዜት ነው፤ አየሩ የሚሞቀው በብዜቱ ልክ ነውና። በ20 ዲግሪ የገባ አየር፥ የሥራ ብቃቱ 50 ከመቶ ከሆነ የሩትስ ወናፍ በ178 ዲግሪ ያህል ይወጣል፤ ብቃቱ 70 ከመቶ ከሆነ የስክሩ ዐይነት ደግሞ በ133 ያህል ይወጣል። የ45 ዲግሪ ልዩነት ማለት ሞተሩ በማንኳኳትና ባለማንኳኳት መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያ የሚያብረቀርቀው የሩትስ ወናፋችን ለዚህ ከተማ አይሆንም፤ ሸጠነው በስክሩ እንለውጠዋለን፥ በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣም እንጨምርበታለን።

ከእኛው መካከል አንድ ጓደኛ፥ «መኪናው ወደ አዋሽ ቢወርድስ?» አለ። ጥያቄው ቀልድ መስሎን ስቀን ነበር። አዋሽ 900 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት 0.91 ባር ገደማ ነው፤ ያው ወናፍ ያንኑ 2.3 ቢያበዛ በብሎኩ ላይ 2.1 ባር ይጫናል። በከተማ ደኅና የነበረ ሞተር ቆላ ሲወርድ ሊሰነጠቅ ይችላል ማለት ነው። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ለሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተር ባለ ሁለት ፍጥነት ወናፍ የሠሩት ለዚሁ ለከፍታ ችግር ነበር። እኛ ማርሹን ስለማንችለው ግፊቱ 1.8 ባር ሲያልፍ አየሩን የሚያስተነፍስ ቫልቭ እናስገባለን።

ቱርቦ ለደጋ አገር ከወናፍ ይሻላል የሚሉ አባሎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ በበለጠ ፍጥነት በመዞር ጉድለቱን ሊያካክስ ይችላል። የተውነው ቱርቦው የሚታሰርበትን የጭስ መውጫ በወርክሾፓችን በደንብ ልንበይደው ስላልቻልን ብቻ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክረን ሁለቱም ተሰንጥቀዋል።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። የቀረው ገንዘብ በመጀመሪያ ለብሎክ ይዋል። ሻጩ ብሎኩን ከመክፈላችን በፊት እንድንለካው ካልፈቀደ አንገዛም፤ የትኛውም ሲሊንደር በቀጭኑ ወገን ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ቢገኝም አንገዛም። ወናፉ የሚገዛው አሮጌው ከተሸጠ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሞተሩ እንዲሁ በ160 ፈረስ ይሠራል። ይህ ለአንድ ዓመት ሊዘገይ ይችላል፤ ዘንድሮ የምትመረቁት ሲነፋ ሳትሰሙት ትሄዱ ይሆናል፥ ስለዚህም በጣም እናዝናለን።

የተሰነጠቀው ብሎክ ከወርክሾፑ በር አጠገብ ተቀምጧል፤ ስንጥቁን በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርገንበታል። የወጪው ደብተርም ከገንዘብ ያዡ ዘንድ ለማንኛውም አባል ክፍት ነው። አሁን እጃችሁን እያነሣችሁ ድምፅ እንድትሰጡን እንለምናለን።