ከትልቅ ራዲያተር በፊት፦ የስፖርት መኪና ሞተር ማቀዝቀዣ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 ምሳሌነት



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በየጋራዡ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ምክር ነው፤ «ሞተሩ ከሞቀ ትልቅ ራዲያተር ግጠምለት» የሚል። ምክሩ ሁልጊዜ ስሕተት ነው አልልም። ሙቀቱ የት ላይ እንደተከማቸ ሳይታወቅ የሚገዛ ራዲያተር ግን ገንዘብ ከማባከን አልፎ ባለቤቱን በሐሰት ያረጋጋል፤ ሞተሩም እስኪጎዳ ድረስ ማንም አያውቅም። ለዚህ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበችውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 መርጫለሁ። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ አነስተኛ የስፖርት መኪና ናት። ባለቤቶቿ ለብዙ ዓመታት ሲፈቷትና ሲገጥሟት ስለኖሩ የማቀዝቀዣ ሥርዓቷ ጠባይ በሚገባ ይታወቃል።

በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ነዳጅ ኃይል በግርድፉ አንድ ሦስተኛው ለሥራ ይውላል፤ አንድ ሦስተኛው በጭስ ማውጫ ይወጣል፤ የቀረው በአብዛኛው ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ይገባል። ስለዚህ 85 ኪሎዋት ገደማ የሚያመነጭ ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ የዚያኑ ያህል ሙቀት ለራዲያተሩ ያስረክባል። ቱርቦ ጨምሮ ጉልበቱን ያሳደገ ሰው ሙቀቱንም አብሮ አሳድጓል።

የመጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር መሠረቱ የማዝዳ 323 ሞተር ነው። በ323 ላይ ሞተሩ በአግድም ተቀምጦ የፊት ጎማዎችን ይነዳል፤ ውኃው በአንደኛው ጫፍ ባለው ፓምፕ ገብቶ፣ አራቱንም ሲሊንደሮች አዳርሶ፣ በሌላኛው ጫፍ ከቴስታው ይወጣል። በስፖርት መኪናዋ ላይ ግን ሞተሩ በቁመት ተቀመጠ፤ የኋላ ጫፉ ከተሳፋሪው ክፍል ግድግዳ ጋር ስለተጠጋ ቴርሞስታቱና ዋናው መውጫ ወደ ፊት ተዛወሩ። መግቢያውም መውጫውም በአንድ ወገን ሆነ ማለት ነው። ፈሳሽ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣልና ለፊተኞቹ ሲሊንደሮች ይበዛል፤ ለአራተኛው ያንሳል።

የፋብሪካ ጉልበት ላላት፣ በተራ መንገድ ለምትነዳ መኪና ይህ ችግር አይፈጥርም። በውድድር ሜዳ ለረጅም ጊዜ ስትጋለብ ወይም ቱርቦ ሲገጠምላት ግን ልዩነቱ ይገለጣል። ትልቅ ራዲያተር የሚገባውን ውኃ ያቀዘቅዛል እንጂ በአራተኛው ሲሊንደር ዙሪያ የሚያልፈውን ውኃ መጠን አይለውጥም። መፍትሔው መውጫውን ወደ ቴስታው የኋላ ጫፍ መመለስ ነው። ብዙዎች ለዚህ የመጀመሪያውን ትውልድ ኪያ ስፖርቴጅ የቴርሞስታት ቤት ይጠቀማሉ፤ የዚያ መኪና ሞተር ከማዝዳ የመጣ በመሆኑ ከቴስታው ጋር ይስማማል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፦ ቴርሞስታቱ ዝግ ሳለ ጥቂት ውኃ በአጠገቡ ማለፍ አለበት፤ ያለዚያ የሞተሩን መሞቅ በጊዜው ሳያውቅ ዘግይቶ ይከፈታል።

ስለ አየሩም አንድ ቃል። የኤምኤክስ-5 የታችኛው የፕላስቲክ ሽፋን ለጌጥ የተሠራ የሚመስላቸው አውልቀው ይጥሉታል። ሽፋኑ ግን አየሩ በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ ሲወልቅ አየሩ ከሥር ዞሮ ከራዲያተሩ ጀርባ ያለውን ግፊት ይጨምራል፤ ሞተሩም በፈጣን ጉዞ ላይ ይሞቃል። በነጻ የሚገኝ ማሻሻያ ቢኖር ያንን ሽፋን መልሶ ማሰር ነው!

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ የቦታው ከፍታ ከማንኛውም መኪና ስሌት ውስጥ ይገባልና። በአዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። አብዛኞቹ ቴርሞስታቶች የሚከፈቱት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ፣ ግፊት በሌለበት ሥርዓት የሚቀረው ልዩነት እጅግ ጠባብ ነው። በ0.9 ባር የሚከፈት ጤናማ የራዲያተር ክዳን የንጹሕ ውኃን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ በባሕር ጠለል ላይ ያው ክዳን ወደ 119 ያደርሰዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ክዳን እዚህ የሚያስከትለው ጉዳት ከወደብ ከተማ ይልቅ የከፋ ነው። የአየሩ እፍጋትም በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ቬንቲላተሩ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያንቀሳቅሰው አየር ክብደቱ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በከፍታው ጉልበቱን ስለሚያጣ በከፊል ይካካሳል፤ ባለ ቱርቦው ይህ ዕድል ሁልጊዜ የለውም።

በጋራዦቻችን ቴርሞስታቱን አውልቆ መጣል እንደ መድኃኒት ይቆጠራል። እኔ አልስማማም። ሞተሩ ከሥራ ሙቀቱ በታች ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፤ መበላቱም ይፋጠናል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ የሚዘጋው እርሱ ራሱ ነው፤ ሲወልቅ ከውኃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል።

የቧንቧ ውኃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ ነው። ንጹሕ ውኃ ሙቀት በመሸከም ከኩላንት ይበልጣል፤ በብዙ የውድድር ሜዳዎች ግላይኮል የተከለከለው ግን ሲፈስ መንገዱን ስለሚያንሸራትት ነው። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ያለ ዝገት መከላከያ የሚሞላ ውኃ የብረቱን ብሎክ ያዝጋል፤ ማዕድኑም በቱቦዎቹ ውስጥ ይጋገራል። የፋብሪካው ራዲያተር የፕላስቲክ ጫፎች ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ሲለወጡ መሰንጠቃቸው እየቀረበ ነውና ያን ጊዜ ራዲያተር መግዛት ተገቢ ይሆናል።

ሥርዓቱ ተፈትቶ እንደገና ሲሞላ አየር መውጣት አለበት። የመኪናዋ አፍንጫ ከፍ ይበል፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ይዙር፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሣ፤ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ እየተጠበቀ ይሞላ። የሞቀ ሞተር ክዳን ፈጽሞ አይከፈትም፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣልና።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።