የቲሲሱ ቁጥር ከየት ይመጣል?

የዛሬው ዝግጅታችን ሐዋሳ ውስጥ ለሚማሩ ወጣቶች፣ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ለላኩ ወላጆች፣ እንዲሁም በራቸው ተንኳኩቶ «ለጥናት ጥቂት ጥያቄ ልንጠይቅዎ ነበር» ለተባሉ ሁሉ ይሆናል። ስለ ተማሪ የምርምር ረዳቶች እንነጋገራለን፤ በተለምዶ ዳታ ኮሌክተር ስለምንላቸው። የራሳቸውን ትምህርት እየተከታተሉ በትርፍ ጊዜያቸው የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎችን ጥናት የሚያግዙ ናቸው።

በቅድሚያ ይህ ሥራ ለምን እንዲህ ተፈላጊ እንደሆነ ልንገራችሁ። የዛሬው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ ነው። እርሱና የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ፣ ከዲላው ኮሌጅ ጋር ተጣምረው በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዲላ ራሱን ችሎ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው የከተማውን ስም ያዘ። ከዚያ ወዲህ የድህረ ምረቃ ትምህርቱ እየሰፋ መጥቷል። አብዛኛው የማስተርስ ተማሪ ደግሞ ከመመረቁ በፊት ቲሲስ ያቀርባል፤ ለቲሲሱም መረጃ ያስፈልገዋል።

አሁን ስሌቱን እንመልከት። በጤና ሳይንስ ወይም በሥርዓተ ምግብ የተሠሩ ቲሲሶችን ያገላበጠ ሰው 384 የምትባለዋን ቁጥር ያውቃታል። የአንድ ችግር ስርጭት አስቀድሞ በማይታወቅበት ጊዜ፣ በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ሲሰላ የሚመጣው የናሙና መጠን ነው። ፈቃደኛ የማይሆኑና ቤታቸው የማይገኙ ሰዎች ስለሚኖሩ አሥር በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። አንድ ሰው በቀን ስድስት ቤት ቢያዳርስ ሰባ አንድ ቀን ያስፈልገዋል። ስድስት ሰዎች ቢሆኑ ግን በአሥራ ሁለት ቀን ይጨርሱታል። የረዳቶቹ አስፈላጊነት ከዚህ ይመጣል።

አድማጮቻችን፣ እንግዲህ ዋናው ነጥቤ ይኸው ነው። ብዙ ሰው ይህን ሥራ እንደ ተላላኪነት ያየዋል፤ ወረቀት ይዞ ዞሮ መመለስ አድርጎ ይቆጥረዋል። እኔ ግን የምርምሩ እውነት የሚሠራው ወይም የሚበላሸው በዚሁ ተማሪ እጅ ነው እላለሁ። አድቫይዘሩ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ደጃፍ ላይ ተሳስቶ የተጻፈን ቁጥር ቢሮ ተቀምጦ ማቃናት አይቻልም።

በምሳሌ ላስረዳ። ቱላ አካባቢ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት የምግብ እጥረት ይጠናል እንበል። ረዳቷ ተማሪ ሙዋክ የሚባለውን የክንድ መለኪያ ይዛ ትገባለች። አለካኩ ሥርዓት አለው። የሕፃኑን ግራ ክንድ ከክርኑ አጥፋ፣ ከትከሻው ጫፍና ከክርኑ ጫፍ መካከል ያለውን እኩሌታ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ክንዱ ተዘርግቶ ልል ብሎ ይንጠለጠላል። መለኪያው ምልክቱ ላይ ይዞራል፤ ሥጋውን አይጫንም፣ አይላላምም። ንባቡ በሚሊሜትር ይጻፋል። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ሕፃን ልኬቱ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ በጽኑ የምግብ እጥረት ተይዟል ይባላል። ከ11.5 ጀምሮ 12.5 እስካልሞላ ድረስ መካከለኛ ነው። እንግዲህ መለኪያውን በሁለት ሚሊሜትር ያህል ማጥበቅ 11.6 የነበረውን ሕፃን 11.4 ያደርገዋል፤ ምድቡ ተቀየረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ስልጠና ላይ ረዳቶቹ ያንኑ ሕፃን ሁለት ሁለት ጊዜ ለክተው ልኬታቸው ከአሰልጣኙ ጋር የሚመሳከረው።

ዕድሜ መጠየቅም እንደዚሁ ነው። የልደት ካርድ በሌለበት እናቲቱ «ሁለት ዓመት ይሆነዋል» ትላለች። ሁለት ዓመት የተባለው ሕፃን ሃያ ወርም ሃያ ስምንት ወርም ሊሆን ይችላል። የሠለጠነ ረዳት የአካባቢውን ክስተቶች ዝርዝር ያወጣል፤ «የተወለደው ከፍቼ ጨምበላላ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የየትኛው ዓመት? የቡና ለቀማ ተጀምሮ ነበር?» እያለ ወሩን ያጠባል። የሲዳማን ዘመን መለወጫ የማያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አይችልም። የአካባቢው ልጅ የሆነ ተማሪ የሚፈለገውም ለዚሁ ነው።

ቋንቋውም አለ። መጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይዘጋጅና ወደ ሲዳምኛ ወይም ወደ አማርኛ ይተረጎማል። ከዚያ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል፤ ትርጉሙ አለመዛባቱ በዚህ ይረጋገጣል። ይህ ሳይደረግ «እዚያው ስትደርሱ በቃል ተርጉሙት» ከተባለ ስድስቱ ረዳቶች ስድስት ዓይነት ጥያቄ ጠይቀው ይመለሳሉ።

ሥራው በአገራችን ታሪክ አለው። ቡታጅራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የገጠር ጤና ፕሮግራም አንዱ ነው። በአንድ የከተማና በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ልደትንና ሞትን እየተከታተለ መዝግቧል። ቤት ለቤት እየዞሩ የመዘገቡት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያጠናቀቁ የአካባቢው ወጣቶች ነበሩ። በእነርሱ መዝገብ ላይ ተመሥርተው በአዲስ አበባና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ፒኤችዲያቸውን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም።

ወደ ክፍያው እንምጣ። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ከማስተርስ ተማሪው ኪስ ይወጣል፤ እርሱም ቢሆን ደሞዙን የሚጠብቅ ሰው ነው። አከፋፈሉ ሁለት ዓይነት ነው፤ በፎርም ወይም በቀን። በፎርም ሲከፈል ረዳቱ ይቸኩላል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን ቃለ መጠይቅ በሃያ ደቂቃ ይጨርሰዋል። በቀን ሲከፈል ደግሞ ሥራው ይንዛዛል። እኔ የምመክረው በቀን እንዲከፈል፣ የቀኑም የቤት ብዛት ከሙከራው ማለትም ከፓይለቱ በኋላ እንዲወሰን ነው። አንድ ቤት በእርግጥ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ክፍያው ካነሰና ቀኑ ካጠረ የሚከተለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፎርም መሙላት። ይህ ዛሬ በቀላሉ ይታወቃል። መረጃው በታብሌት ወይም በስልክ ሲሰበሰብ ቃለ መጠይቁ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ይመዘገባል፤ የቦታው መገኛም እንዲሁ። አሥር ቤት ከአንድ ዛፍ ሥር ተሞልቶ ከተገኘ ማብራሪያ የለውም። በወረቀትም ቢሆን የረዳቶቹ ተቆጣጣሪ፣ ማለትም ሱፐርቫይዘሩ፣ ከተጠናቀቁት ቤቶች ጥቂቱን በዕጣ መርጦ ተመልሶ ይጠይቃል። ፎርም ፈጥሮ የሞላ ተማሪ ገንዘብ አታለለ ብቻ አይባልም፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ አልሚ ምግብ ሳይደርሰው የሚቀር ቀበሌ ሊኖር ይችላል።

ተማሪው በበኩሉ መብት አለው። መደበኛ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ጠዋት ወደ ቱላ ከወጣ የግቢው ካፌ ምሳ ያልፈዋል፤ ነን ካፌ ከሆነም፣ ማለትም በግቢው ምግብ ፈንታ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ፣ ምሳውን የሚገዛው ከዚያችው ወርሃዊ ብር ነው። ስለዚህ ምሳና ትራንስፖርት ከአበሉ ተለይቶ ሊታሰብለት ይገባል። «ዳታው ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚለው ቃል ብዙ ወዳጅነት አበላሽቷል፤ አንድ ገጽም ብትሆን የጽሑፍ ስምምነት ትኑር። የሥራው ሰዓትም ልክ ይኑረው። አሜሪካ የሚማሩ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ፣ የውጭ ተማሪ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት ከሃያ ሰዓት በላይ እንዲሠራ እንደማይፈቀድለት ይነግሯችኋል። እኛም ዘንድ ቅዳሜና እሑድን፣ የሴሚስተር ዕረፍትንም መጠቀም ይቻላል። ፈተና ሳምንት ላይ ተማሪን መስክ ማሰማራት ግን ነውር ነው።

የእገዛው ወሰንም ይታወቅ። መረጃ መሰብሰብ፣ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ናሙና ማዘጋጀት የረዳት ሥራ ነው። የቲሲሱን ምዕራፍ በገንዘብ መጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ የጻፈውም ያስጻፈውም እኩል ተጠያቂ ናቸው። ረዳቱ ስሙ በምስጋና ገጽ ሊሰፍር ይገባዋል። በመጽሔት ላይ ሲታተም የጽሑፉ ባለቤት ተብሎ መጠራት ከፈለገ ግን መረጃ መሰብሰቡ ብቻውን አይበቃም። በሥራው ሐሳብ፣ በመረጃው አሰባሰብ ወይም በትንተናው ጉልህ ድርሻ ማበርከት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅና ለይዘቱ ተጠያቂ መሆን ይጠበቅበታል።

አሁን ደግሞ በራችሁ ለሚንኳኳባችሁ። ተማሪው ሲመጣ ከየትኛው ኮሌጅ እንደተላከ፣ ደብዳቤ መያዙን ጠይቁት። አለመመለስ ትችላላችሁ፤ ጀምራችሁም ማቆም ትችላላችሁ፤ በዚህ የተነሳ የሚቀርባችሁ አገልግሎት የለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለጤናችሁ መረጃ የተለየ ጥበቃ ይሰጣል። አንተም ተማሪው፣ እናት «ልጄ፣ ይህን ጽፈህ ምን ታመጣልናለህ?» ሲሉህ እርዳታ ይመጣል ብለህ ቃል አትግባ። ቃል ከገባህ የሚቀጥለው መልስ ሁሉ እርዳታውን ለማግኘት የሚሰጥ ይሆናል፤ ጥናቱም እዚያው ፈረሰ።

ሥራው በአግባቡ ከተያዘ ተማሪው ከአበሉ የሚበልጥ ነገር ያገኛል። ጂሲ፣ ማለትም የመመረቂያ ዓመቱ፣ ሲደርስና የራሱን የመመረቂያ ጥናት ሲጀምር ግልጽ ያልሆነ ጥያቄ ሰው ፊት ሲቀርብ ምን እንደሚሆን አይቶታልና መጠይቁን የሚቀርጸው አውቆ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ጥናቱ የሥነ ምግባር ፈቃድ አግኝቷል ወይ? ስልጠናው ስንት ቀን ነው? ክፍያው መቼና እንዴት ነው? ለሦስቱም ቁርጥ ያለ መልስ የሌለው አሠሪ ከገጠማችሁ ይቅርባችሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የተሰበሰበ መረጃ እንዴት እንደሚጸዳና እንደሚተነተን ይዘን እንቀርባለን።