ልጅን ሰነፍ ከማለት አስቀድሞ ስለ መመርመር



በየትምህርት ቤቱ ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ አይታጣም። እንደዚህ ያለውን ልጅ አንዱ ሰነፍ፥ አንዱ ፈዛዛ፥ ሌላውም እልኸኛ ብሎ ይሰይመዋል። ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ምክንያቱን መርምሮ ማግኘት ግን ድካም አለበት። ምክንያቱ ሳይታወቅ በትር ቢነሣ፥ ልጁ ባላጠፋው ጥፋት ይቀጣል፤ ችግሩም እንዳለ ይቀራል።

የቀድሞ መምህራን ለዚህ ምርመራ የሚረዳ ሥርዓት ትተዋል። ልጁ «ሀ ሁ»ን በዜማ ከቈጠረ በኋላ አቡጊዳን ይማራል፤ በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ፥ በቃሉ ብቻ የያዘውና ፊደሉን በዓይኑ ለይቶ ያወቀው ይለያሉ። በቃሉ አሳምሮ የሚዘልቅ ልጅ በተጠቈመለት ፊደል ላይ ሁልጊዜ ቢሳሳት፥ በመጀመሪያ የዓይኑን ጤና ማየት ይገባል። መጽሐፉን ወደ ፊቱ የሚያስጠጋና ዓይኑን የሚያጨነቍር ልጅ ምናልባት መነጽር ብቻ ይበቃው ይሆናል። ዓይኑ ደኅና ሆኖ ፊደሉን ከድምፁ ጋራ ማገናኘት የሚከብደውም ልጅ አለ፤ ይህ የአእምሮ ጕድለት አይደለም። ጥቂት ጥቂት ፊደል በዝግታና በመደጋገም ማስተማር ይጠቅመዋል።

የጆሮም ነገር እንዲሁ ነው። ውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ ጆሮ አንድ ቀን ደኅና ይሰማል፥ አንድ ቀን ይደነቍራል። ስለዚህ «ትናንት ሰምቶ ዛሬ እንቢ አለ» ተብሎ የሚገረፈው ልጅ በእውነት ያልሰማ ሊሆን ይችላል። የመምህሩን አፍ አተኵሮ የሚያይ፥ ለተጠየቀው ሌላ ነገር የሚመልስ፥ ከጆሮው መግል የሚወጣ ልጅ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ደግሞ በንባብ መካከል ድንገት ዝም ብሎ፥ ዓይኑን ተክሎ ቆይቶ፥ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ አለ። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ ከተደጋገመ፥ ሰውን ሳይጥል የሚመጣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒትም አለው።

ከሌሎች ጋራ መነጋገርና መጫወት የሚቸግረው፥ የለመደው ነገር ሲለወጥ እጅግ የሚጨነቅ ልጅም ይገኛል። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የ11 ልጆችን ጠባይ ጽፎ ይህን ሁኔታ ኦቲዝም በሚል ስም ገለጠ። በአዲስ አበባም የእንደዚህ ያለ ልጅ እናት የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ለነዚህ ልጆች ማዕከል አቆሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፥ ልጅንም በቤት መደበቅ ከእርዳታ ያርቀዋል።

እንግዲህ መምህሩ ያየውን ነገር፥ መቼና በምን ጊዜ እንደሆነ ለጥቂት ሳምንት ይጻፍ። ደስተኛ የነበረ ልጅ በድንገት ቢለወጥም ረኀብ፥ ኀዘን ወይም ድንጋጤ እንዳገኘው ይጠይቅ። ከዚያም ወላጆቹን በጓደኞቹ ፊት ሳይሆን ለብቻ ጠርቶ፥ ከልጁ መልካም ነገር ጀምሮ ያየውን ይንገራቸው። በሽታውን ራሱ አይፈርድም፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። እስከዚያው ልጁን ከፊት ያስቀምጠው፤ ፊት ለፊት ሆኖ በአጭር ቃል ያናግረው። ወላጅም ይህን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ውለታ ይቀበለው።

በትር ለመምህሩ ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ ላልሰማ ጆሮና ላላየ ዓይን ግን አንዳች አይጠቅምም።