ኤድንብራ «እምቢ» ስትል

የለንደኑ ፓርላማ ስለ ስኮትላንድ ሆስፒታሎች ሕግ ማውጣት ቢፈልግ ማንን ይጠይቃል? ዓመታቱን የምንጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጤናና ትምህርት በ1998 በወጣው ሕግ ለኤድንብራው የስኮትላንድ ምክር ቤት ተሰጥተዋል። ለንደን በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ሕግ ስታረቅቅ የስኮትላንድ መንግሥት ረቂቁን መርምሮ አቋሙን ለምክር ቤቱ ያቀርባል፤ ኮሚቴ ያየዋል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ይስማማል ወይም ይቃወማል። ይህ አሠራር፣ ሐሳቡን በሎርዶች ምክር ቤት ባስረዱት ሎርድ ሰዌል ስም፣ የሰዌል ልማድ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ግርግር ያልቃል።

እምቢ ቢባልስ? በግንቦት 2018 ኤድንብራ የብሪታንያን ከአውሮፓ ኅብረት መውጫ ረቂቅ ሕግ 93 ለ30 በሆነ ድምፅ ተቃወመች። ለንደን ግን በሰኔ አጸደቀችው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ቀደም ብሎ፣ በ2017፣ ልማዱ ፖለቲካዊ ነው፤ ዳኛ የሚያስፈጽመው ግዴታ አይደለም ብሎ ነበር። ልማዱ በ2016 ሕግ ላይ ቢሰፍርም፣ ያለ ስምምነት ሕግ አይወጣም የሚለው «በመደበኛው ሁኔታ» ብቻ ነው። እኔን የምታሳስበኝ ይህቺው ሐረግ ናት፤ መደበኛ ያልሆነው የትኛው ሁኔታ እንደሆነ በመጨረሻ የምትወስነው ለንደን ራሷ ናትና።